መንገድ ይጠረጋል፣ ድንጋይ ግን አይነካም!

እናንተዬ፣ በመጥረጊያ የኦሊምፒክ ወርቅ ይገኛል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ እስካለፈው ጥር ድረስ አላምንም ነበር። መጥረጊያ ለእኔ የእናቴ የማለዳ መሣሪያ ነው። ደጃፍ ይጠረግበታል፣ አንዳንዴም ያጠፋ ልጅ ይባረርበታል፣ አለቀ! ስዊድን ሄጄ ነው ሁለት ጎበዝ ወጣቶች ከአንድ ድንጋይ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶ ሲፈትጉ፣ ሌላዋ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ቆማ በጩኸት ስታዛቸው ያየሁት። "እነዚህ ሰዎች ጤና ናቸው?" አልኩ በሆዴ። በኋላ ግን ጤናው የጎደለው እኛ ጋ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

እታለም እና ስልኩ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ስቶክሆልም መኖር ከጀመረች ሀያ ዓመት አልፏታል። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሌሊት ሠርታ፣ ጠዋት ገብታ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳትተኛ የምትነሳበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ልጅ አላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ የበሩን መቃን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ታዲያ ይህን የሚያህል ጎረምሳ ጠዋት የምትቀሰቅሰው እሷ! ካልሲውን የምታጥፈው እሷ! ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ደግሞ ማመልከቻውን የምትጽፍለት እሷ! እንዴ፣ ልጁ እኮ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ስዊድንኛውን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው። እሷ ናት ፊደል እየቆጠረች የምትጽፈው። እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ "እማ፣ ላክሽው?" ይላል። "ላክሁት፣ የኔ ጌታ" ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ አንዲት የፎቁ ጎረቤት፣ ስዊድናዊት ሴትዮ መጥታለች። የልጁ ስልክ ጮኸ። ከአንድ መጋዘን ነው፤ ላመለከተው ሥራ ሊያነጋግሩት ፈልገው። እታለም ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አድርጋ "አቤት" ብላ መልስ መስጠት ጀመረች። ዕድሜው ስንት ነው? እሷ መለሰች። ማታ መሥራት ይችላል? እሷ መለሰች። ልጁ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። በመጨረሻ ሰውየው ራሱን ማነጋገር እንደሚፈልግ ነገራትና ስልኩን ዘጋው። እስካሁን አልደወለም።

ጎረቤቲቱ ስኒዋን አስቀምጣ ሳቀች። "አንቺማ የለየልሽ የከርሊንግ እናት ነሽ!" አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊድኖችና ዴንማርኮች "የከርሊንግ ወላጅ" የሚሉት አነጋገር አላቸው። ቃሉን ያስለመደው አንድ የዴንማርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ልጃቸውን እንቅፋት እንዳይነካው ከፊት ከፊቱ እየሮጡ መንገዱን የሚጠርጉለት ወላጆች ማለት ነው። ከርሊንግ በሚባለው የበረዶ ጨዋታ ተጫዋቾች ለድንጋዩ እንደሚጠርጉለት ማለታቸው ነው።

እታለም ፊት ለፊት ምንም አላለችም። ማታ ግን በአማርኛ ወረደችብኝ። "ምን ላድርግ ታዲያ? እዚህ አገር ምን ዘመድ አለው? ማን ያውቅለታል? እኔ ያልጠረግሁለትን ማን ይጠርግለታል?" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እውነቷን ነው። ምን ልመልስላት? ዝም አልኩ።

ጎረቤቲቱ ግን ደግ ሰው ናት። ማስቀየሟ ገብቷት በነጋታው መጣች። የእህቷ ልጅ ካርልስታድ በምትባል ከተማ ከርሊንግ ትጫወታለች። "ጨዋታውን ሳታዩት አትቀየሙኝ። ሄዳችሁ እዩት፣ እሷ ታስጎበኛችኋለች" አለች። እኔና የእህቴ ልጅ ልንሄድ ተነሳን። የባቡር ትኬቱን ማን ቆረጠ መሰላችሁ? እታለም!

ቡና የሚሸት ከተማ

ካርልስታድ ከስቶክሆልም በስተምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። በመስኮት የሚታየው ጫካ፣ በረዶ፣ የቀዘቀዘ ሐይቅ፣ እንደገና ጫካ ነው። እታለም የቋጠረችልንን ፍርፍር ባቡሩ ውስጥ ስንከፍት ሽታው ፉርጎውን ሞላው። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው ፈገግ አሉ። እስክንደርስ ድረስ አምስት ጊዜ ተደወለ። "ኮፍያውን አድርጓል?" ነው ጥያቄው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በስዊድን ትልቁ ሐይቅ፣ በቬነርን ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ነው። ወንዙ ተከፋፍሎ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው መሀሏን ሰንጥቆ ነው። ስሟ የተወሰደው በ1584 የከተማነት መብት ከሰጣት መስፍን፣ ኋላም ከነገሠው ከካርል ነው። መሀል ከተማ ላይ የአንዲት አስተናጋጅ ሐውልት ቆሟል። ንጉሥ አይደለችም፣ ጄኔራል አይደለችም። በዘመኗ እንግዳ ስታስተናግድ ፈገግታዋ እንደ ፀሐይ ነበር ተብላ "ፀሐይ" የሚል ስም ወጣላት፤ ከተማዋም በሷ ፀሐይነት ትኮራለች። ለአስተናጋጅ ሐውልት! ይኼን ለእኛ ካፌዎች ባለቤቶች ንገሩልኝ።

ከባቡር ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትንሽ እንደተራመድን ነፋሱ ዞረና ምን ሸተተኝ? የሚቆላ ቡና! እውነቴን ነው። ከተማዋ ውስጥ ከ1906 ጀምሮ ያለ የታወቀ የቡና ቆይ ኩባንያ አለ። በዚያ ሁሉ በረዶ መሀል ዓይኔን ብጨፍን የእናቴ ጓዳ በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። የእህቴን ልጅ "ሸተተህ?" አልኩት። "አዎ አጎቴ፣ እማን ትመስላለች" አለኝ። ከተማዋን ማለቱ ነው። አማርኛው እንዲህ ነው፣ ግን አንዳንዴ ልብ ይነካል።

ድንጋይ የሚጮህበት አዳራሽ

ጎረቤቲቱ የላከችን ልጅ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችን። ሀያ ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ልጅ ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ ለጋዜጣ ብላ አልነበረም ያጫወተችኝ።

በመጀመሪያ ጨዋታውን ታስረዳን ገባች። ሜዳው 45 ሜትር ገደማ የሚረዝምና እስከ 5 ሜትር የሚሰፋ፣ ኮሪደር የመሰለ በረዶ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ዒላማ የመሰሉ ክቦች አሉ፤ "ቤት" ይሏቸዋል። የትልቁ ክብ ስፋት 3 ሜትር ከ66 ሳንቲም ነው። አንድ ቡድን አራት ሰው ነው። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ድንጋይ ያንሸራትታል፣ የሁለቱ ቡድን ሲደመር በአንድ ዙር አሥራ ስድስት ድንጋይ ይሆናል። ዙሩ ሲያልቅ ወደ ቤቱ እምብርት የቀረበ ድንጋይ ያለው ቡድን ነጥብ ያገኛል። በየተራው የተቃራኒን ድንጋይ መግጨት፣ ማስወጣት፣ ከራስ ድንጋይ ጀርባ መደበቅ ሁሉ አለ። ቼዝ በሉት፤ ልዩነቱ አንዱ ጠጠር ወደ 20 ኪሎ መጠጋቱ ነው!

ድንጋዩ ግራናይት ነው። ለኦሊምፒክ የሚሆነው የሚመጣው ከስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ማዶ ካለች ኤልሳ ክሬግ ከምትባል ትንሽ ደሴት ነው። ጨዋታውም ራሱ የስኮትላንዶች ነው። ወደ ስዊድን የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በምዕራብ ዳርቻ በምትገኘው በኡዴቫላ ከተማ፣ በአንድ ስኮትላንዳዊ በኩል ነው።

በረዶው እንደ መስታወት ልሙጥ እንዳይመስላችሁ። ከጨዋታው በፊት ውኃ በጠብታ ጠብታ ይረጭበትና ጠብታው እዚያው ይረጋል። በእጅ ሲዳሰስ ቆዳው ሽፍታ ያወጣ ሰው ይመስላል። ድንጋዩ የሚንሸራተተው በነዚያ ጉብጉቦች ጫፍ ላይ ነው። ሲሄድ ያጉረመርማል፤ ሩቅ አገር የሚጮህ ነጎድጓድ ነው የሚመስለው። በመጥረጊያ አጥብቀው ሲፈትጉት በረዶው ትንሽ ይሞቅና ሰበቃው ይቀንሳል። ድንጋዩም ካሰበው በላይ ጥቂት ሜትር ይሄዳል። መጥረጉ ቆሻሻ ለማንሳት አይደለም ማለት ነው!

"አባቴ አይገፋኝም"

አሁን የልጅቷን ነገር ልንገራችሁ። ከርሊንግ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ አያቷ እጇን ይዘው አዳራሽ ስለወሰዷት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከቤት ወጣች። ተባርራ አይደለም፤ ስዊድን ውስጥ ትምህርትና ስፖርት አንድ ላይ የሚሰጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንዱ ውስጥ ገብታ ከወላጆቿ ርቃ ብቻዋን ኖረች። ምግቧን ራሷ አበሰለች፣ ልብሷን ራሷ አጠበች። "የመጀመሪያውን ወር በየማታው አለቀስኩ" አለችኝ ሳትደብቅ። አሁን ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት በኋላ ካፌ ውስጥ ሥራ፣ ማታ እንደገና በረዶ ላይ ናት።

"ገንዘቡስ?" አልኳት፣ እንደ ሐበሻ። ሳቀች። ከርሊንግ እንደ እግር ኳስ ሚሊየነር አያደርግም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ የተማሩበት ሌላ ሙያ አላቸው። በ2006 ቱሪን ላይ ለስዊድን ሴቶች ወርቅ ያስገኘችው አምበል የሂሳብ ሰው ነበረች፤ የኢንሹራንስ ስሌት ነበር ሥራዋ። ፍጻሜው ከስዊዘርላንድ ጋር ተጨማሪ ዙር ድረስ ሄዶ፣ በመጨረሻ ድንጋዩዋ ሁለት የተቃራኒ ድንጋዮችን በአንድ ምት አስወጥታ 7 ለ 6 አሸነፈች። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ያው ቡድን ካናዳን በተጨማሪ ዙር 7 ለ 6 ረትቶ ወርቁን ደገመው። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በዚያው በ2006 ቱሪን ላይ፣ በአንድ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ ነው። አየር ስንጋራ ነበር ማለት ነው!

የወንዶቹ ደግሞ ከዚህችው ከካርልስታድ ክለብ ነው። አምበሉ ደጋግሞ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ነው። በ2014 ነሐስ፣ በ2018 ብር አገኘ። ወርቁ የመጣው በ2022 ቤጂንግ ላይ፣ ብሪታንያን በተጨማሪ ዙር 5 ለ 4 አሸንፎ ነው። ከነሐስ እስከ ወርቅ ስምንት ዓመት! እኛ አንድ ፈተና ስንወድቅ ሰማይ ተደፋብን እንላለን።

ልምምዱን ስናይ ወላጆቿ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠው ነበር፤ ሊጠይቋት መጥተው። አባትየው ቴርሞስ ይዘዋል። አንድም ጊዜ ተነስተው አልጮሁም። የእህቴ ልጅ ጠየቃት፦ "አባትሽ አይመክርሽም?" እሷም "ስጠይቀው ይመክረኛል። አይገፋኝም ግን" አለች።

ከዚያ የነገረችን ነገር ነው እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ ያልወጣው።

"ሰዎች የከርሊንግ ወላጅ ሲሉ ጨዋታውን አያውቁትም" አለች። "አንደኛ፣ ከመነሻው 10 ሜትር ገደማ ላይ መስመር አለ። እዚያ ሳልደርስ እጄ ድንጋዩን መልቀቅ አለበት። ከለቀቅሁ በኋላ ማንም አይገፋልኝም። ሁለተኛ፣ የሚጠርጉት ድንጋዩን መንካት አይችሉም። በመሀል ሜዳ መጥረጊያቸው ቢነካው ድንጋዩ 'ተቃጠለ' ይባላል፣ ከጨዋታ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ድንጋይ ሲለቀቅ ትንሽ እናዞረዋለን። ስለዚህ ሲሄድ ሲሄድ ይታጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ በጠረግህለት ቁጥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መታጠፍ ያቅተዋል። ከፊቱ ሌላ ድንጋይ ቆሞ በጎን ዞሮ ማለፍ ካለበት፣ መጥረጊያህን አንስተህ ዝም ብለህ ማየት አለብህ።"

የእህቴ ልጅ ይህን ሲያስተረጉምልኝ መሀል ላይ ቆመ። "አጎቴ..." አለ፣ አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርስ አልጠየቅሁትም።

ማንም ያላየው ንክኪ

ባለፈው ዓመት የወጣቶች ውድድር ላይ የሆነባትን ደግሞ አጫወተችን። ጨዋታው እኩል ለእኩል ነው። የጓደኛዋ ድንጋይ ወደ ቤቱ እየሄደ፣ እሷ ስትጠርግ የመጥረጊያዋ ጫፍ ድንጋዩን ነካ አደረገው። በጣም ትንሽ። ዳኛ አላየም፣ ተቃራኒ አላየም፣ የራሷም ቡድን አላየም። እሷ ግን እጇን አነሳች፤ "ነክቼዋለሁ" አለች። ድንጋዩ ወጣ። በዚያው ተሸነፉ።

"አብደሻል እንዴ!" ልላት ምንም አልቀረኝም። ከርሊንግ ውስጥ ግን ጥፋትን ራስ መናገር ወግ ነው። እንደማያሸንፍ ያወቀ ቡድን ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ እጅ ጨብጦ ይወጣል፤ እንደ ነውር አይቆጠርም።

እናቷ በዚያን ቀን ምን አሏት? "መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አለች። ቤት ስንደርስ ሻይ አፍልታ 'ዛሬ ኮራሁብሽ' አለችኝ።"

አሁን ልጅቷ መንታ መንገድ ላይ ናት። የወጣቶች ምድብ በሀያ አንድ ዓመት ያበቃል። ቡድኗ ሊበተን ነው፤ አንዷ ኢንጂነሪንግ ልትማር ሌላ ከተማ ትሄዳለች፣ አንዷ ደክሟታል። ከትልልቆቹ ጋር መወዳደር ማለት ደግሞ ለብዙ ዓመት በትንሽ ገንዘብ መኖር ነው፤ ኦሊምፒክ ይሳካ አይሳካ ዋስትና የለም። እናቷን ጠየቀቻቸው፣ ምን ላድርግ? መልሳቸው "አላውቅም። አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ነበር።

ይኼ መልስ ለእኔ ለሐበሻው ጭካኔ ነው የመሰለኝ። እናት እንዴት አላውቅም ትላለች? ልጅቷ ግን ስትነግረኝ ፊቷ በራ። ነርስነት ለመማር አመልክታለች፤ ጎን ለጎን አዲስ ቡድን እየፈለገች ነው። "ባይሳካ የራሴ ድንጋይ ነው" አለች።

ከመሄዳችን በፊት ለእህቴ ልጅ አንድ ድንጋይ ሰጠችው። አንበረከከችው፣ እግሩን አመቻቸችለት። ሊያንሸራትት ሲል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እታለም! አየኝ፣ አየሁት። አላነሳውም። ድንጋዩን ለቀቀው፣ እሱ ራሱ በግንባሩ ተደፋ! ድንጋዩ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ቆመ። በረዶው ላይ ተኝቶ ግን ሲስቅ፣ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የተመለስን ዕለት

ለእታለም ሁሉን ነገርኳት። ድንጋዩ ብዙ ከተጠረገለት መታጠፍ ያቅተዋል የሚለው ላይ ስደርስ የያዘችውን ጀበና አስቀመጠች። ምንም አላለችም። እህቴን አውቃታለሁ፤ ዝም ካለች ገብቷታል።

በአራተኛው ቀን የልጁ ስልክ ጮኸ። ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እጇ እንደ ልማዷ ሄደ፣ ስልኩን አነሳችው፣ አየችው... ከዚያ ወስዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ተከትያት ገባሁ። ሽንኩርት ሳይኖር ታለቅሳለች። ከወዲያ ልጁ "እ... እ..." እያለ ሲንተባተብ ይሰማናል። "ልሂድ?" አለችኝ። "መጥረጊያሽን አንሺ እታለም" አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

ሥራውን አገኘ ብዬ ልዋሽላችሁ አልችልም። አላገኘም። ማታውን ግን የሚቀጥለውን ማመልከቻ ራሱ ጻፈ። እሷም ሲጨርስ አነበበችለት፤ ሁለት ነገር ነግራው እሱ አስተካከለ። ይኼ ነው እንግዲህ ትክክለኛው መጥረግ!

ወጣት አንባቢዎቼ፣ እኛ ቤተሰብ አክባሪዎች ነን፤ መልካም ነው፣ ይኑርልን። ወላጅ አይጥረግ የሚለኝ ካለ አልስማማም። በከርሊንግም ያለ ጠራጊ ድንጋይ ሩቅ አይሄድም። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ትምህርቱን አጎት መርጦ፣ ሥራውን የአባት ወዳጅ ፈልጎ፣ ፍቅረኛውን እንኳ አክስት መርምራ ስታበቃ፣ የእናንተ እጅ ድንጋዩን የነካው መቼ ነው? እናንተ ሳትለቁት የሚጠረግላችሁ መንገድ የማን መንገድ ነው?

እንዴት ይጀመራል ካላችሁኝ፣ ከትንሹ። ነገ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳችሁ ተነሱ። የሚያስፈራችሁን አንድ ስልክ ራሳችሁ ደውሉ። ጥፋት ከሠራችሁ ማንም ሳያያችሁ እጃችሁን አንሱ። ወላጆቻችሁን ደግሞ አትጩሁባቸው፤ መጥረጊያውን የያዙት በፍቅር ነው። "እማዬ፣ እስቲ አንዴ ልሞክረው፣ ስጠራሽ ትመጫለሽ" በሏት። ትመጣለች፣ አትጠራጠሩ።

ድንጋዩ ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆምስ? ይቁም! የእህቴ ልጅም ተደፍቶ ነው የሳቀው።

በሉ፣ ቸር ይግጠመን!